ሦስት አሲድ በአንድ ታካሚ፦ ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ የባይካርቦኔት፣ የታምና የኢንሱሊን ንጽጽር

ጉዳዩ ለምን ተመዘገበ

ከልብ ቀዶ ሕክምና የወጣ ሰው ደሙ ውስጥ አሲድ ሲበዛበት በጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚነሣው ክርክር አብዛኛውን ጊዜ አሲድን በሚያረክሱ ሁለት መድኃኒቶች መካከል ነው። አንዱ ሶዲየም ባይካርቦኔት ይሰጥ ይላል፤ ሌላው ታም፣ በሙሉ ስሙ ትሮሜታሚን፣ ይሻላል ይላል። እዚህ የሚቀርቡት ታካሚ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለቱንም ወስደዋል፤ የተሰጣቸው መጠንም በሚሊሞል ሲሰላ ተቀራራቢ ነበር። ስለዚህ ሁለቱ መድኃኒቶች በአንድ ሰው ላይ ምን እንደሚያደርጉ ጎን ለጎን ማየት ተችሏል። የመጨረሻውን አሲድ ያስወገደው ግን ከሁለቱ አንዱም አልነበረም።

እንዲህ ያለ አጋጣሚ ብዙ አይገኝም። ምንጫቸው የተለያየ ሦስት አሲዶች በአንድ ሰው ላይ ተከታትለው መጡ፤ የደምን አሲድነት የሚለካው ፒኤች ግን (ሲወርድ አሲድ በዝቷል ማለት ነው) በሦስቱም ጊዜ የተናገረው "ከ7.3 በታች" ብቻ ነበር። ስም፣ ቦታና ጊዜ ሆን ተብሎ ተትቷል። የባይካርቦኔት፣ የላክቴት፣ የኬቶን፣ የሶዲየም፣ የክሎራይድ፣ የፖታሲየምና የካልሲየም ልኬቶች ሁሉ በሚሊሞል በሊትር የተጻፉ ናቸው።

ታካሚውና ቀዶ ሕክምናው

የ62 ዓመት ወንድ ናቸው፤ ክብደታቸው 78 ኪሎ። ዓይነት 2 የስኳር ሕመምና የልብ ድካም አለባቸው፤ የልባቸው የመርጨት አቅም 35 በመቶ ነበር። በደረት ሕመም ገብተው ሲመረመሩ ልብን የሚመግቡት ሦስቱም ደም ቅዳ ሥሮች ክፉኛ ጠብበው ተገኙ። ሕመሙ በመድኃኒት አልታገሥ ስላለ የባይፓስ ቀዶ ሕክምናው ቀጠሮ ሳይጠብቅ በአስቸኳይ ተሠራ። የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ክሬያቲኒናቸው 1.3 ሚሊግራም በዴሲሊትር ነበር።

ከሚወስዷቸው መድኃኒቶች አንዱ ስኳርን በሽንት የሚያስወጣው ኢምፓግሊፍሎዚን ነው። የመጨረሻውን ክኒን የዋጡት በቀዶ ሕክምናው ዋዜማ ጠዋት ነው። መድኃኒቱ በካርዳቸው ላይ ተጽፏል፤ የተጻፈው ግን ከስኳር መድኃኒቶች ጋር ሳይሆን "የልብ ድካም" በሚለው ርዕስ ሥር ነበር። ይህ ዛሬ የተለመደ አጻጻፍ ነው፤ መድኃኒቱ ለልብ ድካምም በሰፊው ይታዘዛል። በኋላ የተፈጠረውን ለመረዳት ግን ይህች መስመር ወሳኝ ናት።

በልብና ሳንባ ማሽን ላይ 128 ደቂቃ ቆዩ። ከማሽኑ ሲላቀቁ የልብ ጉልበት ስላነሰ አድሬናሊን በኪሎ በደቂቃ 0.08 ማይክሮግራም ተጀመረ። በቀዶ ሕክምናው ጊዜ የተሰጣቸው ፈሳሽ በአብዛኛው ኖርማል ሳላይን የተባለው የጨው ውኃ ነበር።

የመጀመሪያው አሲድ፦ ክሎራይድ

ጽኑ ሕሙማን ክፍል እንደገቡ የተወሰደው የደም ጋዝ ይህን አሳየ፦ ፒኤች 7.29፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት 38 ሚሊሜትር ሜርኩሪ፣ ባይካርቦኔት 17.8፣ የቤዝ ጉድለት (አሲዱን ለማርከስ የጎደለው መጠን) 7.7፣ ላክቴት (ግሉኮስ ያለ ኦክስጅን ወይም ከልክ በላይ ሲሰበር የሚከማች) 2.8። ሶዲየም 139፣ ክሎራይድ 111።

አኒየን ጋፑ (ከሶዲየም ላይ ክሎራይድና ባይካርቦኔት ሲቀነሱ የሚቀረው፤ ሲሰፋ ያልተለካ አሲድ አለ ማለት ነው) 10 ገደማ ነው፣ ማለትም "ጤነኛ" ይመስላል። አልቡሚናቸው (በደም ውስጥ ያለ ፕሮቲን) ግን 2.6 ግራም በዴሲሊትር ብቻ ነበር። አልቡሚን ከ4 በታች በወረደ በእያንዳንዱ 1 ግራም ጋፑ ላይ 2.5 ይጨመራል፤ ስለዚህ የታረመው ጋፕ 13.7 ነው። ይህ ትንሹን የላክቴት ጭማሪ ያካተተ ነው፤ ሌላ የተደበቀ አሲድ አልነበረም። ዋናው ምክንያት ክሎራይድ ነው። ኖርማል ሳላይን በሊትር 154 ሶዲየምና 154 ክሎራይድ ይዟል፤ በደም ውስጥ ያለው ክሎራይድ 100 ገደማ ስለሆነ ሳላይኑ በገባ ቁጥር ክሎራይዱ ከሶዲየሙ በፍጥነት ያሻቅባል፣ ባይካርቦኔቱም ያንኑ ያህል ይወርዳል።

ለዚህ መድኃኒት አልተሰጠም። ፈሳሹ ክሎራይዱ 98 ብቻ ወደሆነው ፕላዝማላይት ተቀየረ፣ ቀሪው ለኩላሊት ተተወ። ደም እየተዘዋወረ፣ ሽንት እየመጣ እስካለ ድረስ ይህን ዓይነቱን አሲድ በባይካርቦኔት ማሳደድ ትርፉ ሶዲየም መጨመር ነው።

ሁለተኛው አሲድና የባይካርቦኔቱ ውጤት

በአራተኛው ሰዓት ነገሩ መልኩን ለወጠ። የደም ግፊት ለመያዝ አድሬናሊኑ ወደ 0.12 ከፍ ብሏል። ፒኤች 7.21፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት 40፣ ባይካርቦኔት 15.6፣ የቤዝ ጉድለት 10.8፣ ላክቴት 6.4።

ፒኤች ወደ 7.2 ሲጠጋ በልብ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሰው ሁሉ ይጨነቃል፤ ጭንቀቱም መሠረት አለው። አሲድ የሳንባ ደም ሥሮችን ያጠብባል፣ የቀኝ ልብን ያስጨንቃል፣ ልብና ደም ሥር ለአድሬናሊን መሰሎች የሚሰጡትን ምላሽም ያደክማል። ተረኛው ቡድን ባይካርቦኔት ለመስጠት ወሰነ። በተለመደው ቀመር፣ 0.3 በክብደት በቤዝ ጉድለት ሲባዛ፣ ሙሉው መጠን 253 ሚሊሞል ይመጣል። እንደ ልማዱ በአንድ ጊዜ ከግማሹ በላይ አይሰጥም፤ የተሰጠው 100 ሚሊሞል ነው፤ ማለትም 8.4 በመቶ የሆነው ባይካርቦኔት 100 ሚሊሊትር በማዕከላዊው የደም ሥር መስመር በ20 ደቂቃ ገባ።

ከዚያ በኋላ የወጣው የደም ጋዝ ወረቀት መታየት ያለበት ነው። ባይካርቦኔት ከ15.6 ወደ 18.8 ወጣ፤ መድኃኒቱ ደርሷል ማለት ነው። የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት ግን ከ40 ወደ 47 ዘለለ። ፒኤቹ 7.22 ሆነ። ይህን ሁሉ ተደክሞ የተገኘው ትርፍ 0.01 ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። ባይካርቦኔት አሲዱን ሲያረክስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፤ 100 ሚሊሞሉ እንዳለ ቢለወጥ ከ2 ሊትር በላይ ጋዝ ይሆናል። ነቅቶ በራሱ የሚተነፍስ ሰው ትንፋሹን ፈጠን አድርጎ ያወጣዋል። እኚህ ታካሚ ግን በሰመመን ላይ ናቸው፤ የመተንፈሻ ማሽኑም በደቂቃ 14 ትንፋሽ ላይ እንደተሞላ ነበር። ጋዙ መውጫ አጣ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ የሕዋስ ግድግዳን ከባይካርቦኔት ይልቅ በቀላሉ ስለሚሻገር፣ ደሙ ባለበት ሲቆም የልብ ጡንቻ ሕዋስ ውስጡ ይባስ አሲድ ሊሆን ይችላል።

ሌሎቹ ቁጥሮችም ተነቃነቁ። ነጻው ካልሲየም ከ1.10 ወደ 0.97፣ ፖታሲየም ከ4.1 ወደ 3.5 ወረደ፤ ሶዲየም ወደ 143 ወጣ። ለፖታሲየሙ መውረድ ለስኳሩ ይገባላቸው የነበረው ኢንሱሊንና አድሬናሊኑም ሳያግዙ አልቀሩም። አማካይ የደም ግፊት ከ66 ወደ 57 ሲወርድ በሞኒተሩ ላይ ከታችኛው የልብ ክፍል የሚነሡ ያለጊዜያቸው የሚመጡ ምቶች ታዩ።

ማሽኑ ወደ 20 ትንፋሽ ከፍ ተደረገ፤ 10 በመቶ ካልሲየም ክሎራይድ 10 ሚሊሊትር ተሰጠ፤ ፖታሲየም በዝግታ ተተካ። ነርሷ ካልሲየሙን ባይካርቦኔቱ በገባበት ቀዳዳ አልሰጠችም፤ የማዕከላዊውን መስመር ሌላ ቀዳዳ መረጠች። ሁለቱ ከተገናኙ ነጭ ደለል ሆነው መስመሩን ይዘጋሉ። የደም ግፊቱ ከፍ ያለው ካልሲየሙ እንደገባ ነው፤ ምቶቹም ጠፉ። ማሽኑ ከተስተካከለ በኋላ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት 38፣ ፒኤች 7.31 ሆነ። ባይካርቦኔቱ ያኔ 18.5 ነበር፤ ማለትም ፒኤቹን ያነሣው የትንፋሹ መፍጠን እንጂ ተጨማሪ ባይካርቦኔት አይደለም።

ይህ ውጤት በምርምር ከሚታወቀው አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ፣ በ14 የላክቲክ አሲዶሲስ (ከላክቴት ጋር የሚመጣ የደም አሲድ) ታካሚዎች ላይ የተደረገ ጥናት ባይካርቦኔትን በሶዲየም መጠን ከሚመጣጠነው ጨው ጋር አነጻጽሮ ነበር። ባይካርቦኔት ፒኤችን ከፍ ቢያደርግም በልብ ሥራና በደም ግፊት ከጨው ውኃው የተለየ ጥቅም አላሳየም፤ ነጻ ካልሲየምን አወረደ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ጨመረ።

ላክቴቱ ከየት መጣ?

በሰባተኛው ሰዓት ላክቴቱ 8.1 ደረሰ፣ ፒኤቹም ወደ 7.25 ተመለሰ። የቀዶ ሐኪሙ ሥጋት አንጀት ደም አጥቶ እንዳይሆን ነበር፤ ሆድ ከፍቶ ማየትም ተነሣ። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም፤ ከልብ ቀዶ ሕክምና በኋላ የአንጀት ደም መቋረጥ ሲደርስ ገዳይ ነው፣ ላክቴትም ያስነሣል።

የታካሚው ገላ ግን ሌላ ታሪክ ይናገር ነበር። እጅና እግራቸው ሙቅ ነው። ሆዳቸው ሲዳሰስ ለስላሳ ነው። ከማዕከላዊው ደም መልስ የተወሰደው ደም የኦክስጅን ሙሌት 74 በመቶ፣ የልብ ርጭት መጠን በገላ ስፋት ሲሰላ በደቂቃ 2.6 ሊትር ነበር። የጉበት ምርመራዎችም አልተነቃነቁም። ኦክስጅን የራበው አካል እንዲህ አይመስልም።

የቀረው ተጠርጣሪ አድሬናሊኑ ራሱ ነው። አድሬናሊን ቤታ-2 ተቀባዮችን ሲቀሰቅስ ጡንቻ ግሉኮስን ከልክ በላይ በፍጥነት ይሰብራል፤ ማይቶኮንድሪያ ሊያቃጥለው ከሚችለው በላይ ፓይሩቬት ይከማቻል፣ ትርፉም ላክቴት ይሆናል። ይህ የኦክስጅን እጥረት አይጠይቅም። እ.ኤ.አ. በ1997 ከልብና ሳንባ ማሽን በኋላ አድሬናሊንንና ኖርአድሬናሊንን ያነጻጸረ ጥናት ላክቲክ አሲዶሲስ በአድሬናሊኑ ቡድን እንደሚነሣ አሳይቷል።

አድሬናሊኑ ቀስ በቀስ ተቀንሶ ቆመ፤ በምትኩ ኖርአድሬናሊንና የመክፈቻ መጠን ሳይሰጥ ልብን የሚያበረታው ሚልሪኖን በኪሎ በደቂቃ 0.25 ማይክሮግራም ተጀመረ። ስምምነቱ ላክቴቱ በሦስት ሰዓት ውስጥ ካልወረደ ሆዱ በሲቲ ይታያል የሚል ነበር። በሦስት ሰዓት ውስጥ 5.2 ደረሰ፤ ሆዱ ሳይነካ ቀረ። በእኔ ግምት በዚያ ምሽት ከተደረገው ሁሉ ለሁለተኛው አሲድ እውነተኛው ሕክምና ይህ ለውጥ ነበር፤ ባይካርቦኔቱም ታሙም ጊዜ ከመግዛት አላለፉም።

ታም ለምን ተመረጠ፣ ምንስ አደረገ?

አድሬናሊኑ እየተቀነሰ ሳለ ፒኤቹ 7.25፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት 40፣ ባይካርቦኔት 17.1፣ የቤዝ ጉድለት 8.9 ነበር። ሶዲየም 145 ደርሷል። የግራ ሳንባቸው የታችኛው ክፍል በከፊል ስለተጨፈለቀ ማሽኑን ከዚህ በላይ ማፍጠን ብዙ የሚያተርፍ አልነበረም። ሁለተኛ ዙር ባይካርቦኔት ሶዲየሙንም ጋዙንም ይጨምራል። ስለዚህ ታም ተመረጠ።

ታም ሶዲየም የለውም። አሲድን የሚቀበለው ራሱ ነው፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከማመንጨት ይልቅ ከካርቦኒክ አሲድ ላይ ፕሮቶን (የአሲዱን ቅንጣት) ወስዶ ባይካርቦኔት ያስቀራል። ከልብ ባይፓስ ቀዶ ሕክምና ጋር የተያያዘ ሜታቦሊክ አሲዶሲስ በመድኃኒቱ ይፋዊ መግለጫ ላይ በስም የተጠቀሰ አጠቃቀም ነው፤ እዚያው ላይ በአማካይ በኪሎ 9 ሚሊሊትር እንደተሰጠና ለአብዛኛው አዋቂ 500 ሚሊሊትር በቂ እንደሆነ ተጽፏል። ሌላው ቀመር ክብደት በቤዝ ጉድለት በ1.1 ሲባዛ የ0.3 ሞላሩን መፍትሔ በሚሊሊትር ይሰጣል። ለእኚህ ታካሚ 760 ገደማ ይመጣል። የተሰጠው ከግማሹ ያነሰ ነው፦ 350 ሚሊሊትር በአንድ ሰዓት፣ ማለትም 105 ሚሊሞል።

ከሰዓቱ በኋላ ፒኤች 7.33፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት 37፣ ባይካርቦኔት 19 ሆነ። ሶዲየም 144፣ ፖታሲየም 4.2፣ ነጻ ካልሲየም 1.14። ማሽኑ አልተነካም፣ የደም ግፊቱ አልወረደም። ከባይካርቦኔቱ ጋር ሲተያይ ንጹሕ ድል ይመስላል።

ዋጋው ሌላ ቦታ ነው። አንደኛ፣ ለተመሳሳይ ሚሊሞል ከሦስት እጥፍ በላይ ፈሳሽ ገባ፤ ለደከመ ልብ ይህ ቀላል አይደለም። ሁለተኛ፣ ታም የሚወገደው በኩላሊት ስለሆነ ሽንት ለቆመበት ሰው አይሰጥም፤ የእኚህ ታካሚ ክሬያቲኒን 1.5 ደርሶ ስለነበር መድገሙ ተተወ። የመፍትሔው ፒኤች 8.6 ገደማ ስለሆነ ከደም ሥር ቢያመልጥ ሥጋ ይገድላል፤ በማዕከላዊ መስመር ብቻ የተሰጠው ለዚህ ነው። ትንፋሽንም ያደክማል፣ በማሽን ላይ ላለ ሰው ግን ይህ አያሳስብም። የመጨረሻው ዋጋ የደም ስኳር መውረድ ነው፤ በእኚህ ታካሚ ላይ መዘዝ ያመጣውም ይህ ነበር።

ስኳሩ ሲወርድ

ደረጃውን በጠበቀው አሠራር መሠረት ኢንሱሊን በሰዓት 3 ዩኒት ይገባላቸው ነበር። ከታሙ በፊት ስኳራቸው 196 ሚሊግራም በዴሲሊትር፣ ከታሙ በኋላ 118፣ ትንሽ ቆይቶ 86። ታም ብቻውን አይደለም ያወረደው፤ ስኳርን የሚያስነሣው አድሬናሊን ቆሟል፣ ኢምፓግሊፍሎዚኑም ስኳሩን በሽንት እያፈሰሰ ነበር። አሠራሩ ከ100 በታች ሲወርድ ኢንሱሊኑ ይቁም ይላል፤ ቆመ።

ሌሊቱን ሁሉም ነገር መልካም መሰለ። ላክቴት ወረደ። ሽንት በሰዓት 150 ሚሊሊትር ይመጣ ነበር፣ "ኩላሊቱ ተመልሷል" ተባለ። ሰመመኑ ተቀንሶ ታካሚው ነቁ፣ በማሽኑ ድጋፍ በራሳቸው መተንፈስ ጀመሩ። ጎህ ሲቀድ ግን ትንፋሻቸው በደቂቃ 28፣ ጥልቅና የማያቋርጥ ሆነ። መጀመሪያ ከሕመም ነው ተብሎ ማስታገሻ ተጨመረ።

ሦስተኛው አሲድ

በአሥራ ስድስተኛው ሰዓት፦ ፒኤች 7.22፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት 29፣ ባይካርቦኔት 11.5፣ የቤዝ ጉድለት 14.5። ላክቴት 2.1 ብቻ። ሶዲየም 143፣ ክሎራይድ 110፣ አልቡሚን 2.5። ጋፑ 21.5፣ ሲታረም 25 ገደማ። ስኳር 142።

ቁጥሮቹ ሲደመሩ ነገሩ ይጋለጣል። ጋፑ ከሚጠበቀው 12 ገደማ በ13 በልጧል፤ ላክቴቱ ከዚህ የሚሸፍነው 1 ብቻ ነው። 12 ሚሊሞል ስሙ ያልታወቀ አሲድ ደም ውስጥ አለ። ታም ራሱ ፕሮቶን ሲይዝ የማይለካ ፖዘቲቭ ቅንጣት ስለሚሆን ጋፑን ያጠብባል እንጂ አያሰፋውም፤ ስለዚህ እውነተኛው ክፍተት ከዚህም ሊበልጥ ይችላል።

ቋጠሮውን የፈታችው በጠዋቱ ዙር የነበረችው ፋርማሲስት ናት። የሽንት ምርመራውን አይታ "ስኳሩ 142 ሆኖ ሽንቱ ላይ ግሉኮስ ለምን አራት መስቀል?" ብላ ጠየቀች። ጤነኛ ኩላሊት ስኳር ማፍሰስ የሚጀምረው የደሙ ስኳር 180 ገደማ ሲያልፍ ነው። ከዚያ ወደ መድኃኒት ካርዱ ተመለሰች፣ በልብ ድካም ርዕስ ሥር ኢምፓግሊፍሎዚንን አገኘች። ያ ሁሉ ሽንትም የኩላሊት መዳን ሳይሆን ስኳር እየጎተተ ያወጣው ውኃ ነበር።

ዋናው ኬቶን (ጉበት ከስብ የሚሠራው አሲድ) የሆነው የደም ቤታ-ሃይድሮክሲቢዩታይሬት ተለካ፤ 6.1። ከ3 በላይ መሆኑ ለኬቶአሲዶሲስ፣ ማለትም በኬቶን ለመጣ የደም አሲድ፣ ይበቃል። የሽንት ወረቀቱ ግን ኬቶንን በአንድ መስቀል ብቻ ነበር ያሳየው፤ ወረቀቱ የሚያየው አሴቶአሴቴትን ስለሆነ ዋናውን ኬቶን አያገኘውም።

ኢምፓግሊፍሎዚንና መሰሎቹ ስኳርን በሽንት ስለሚያወጡ ኢንሱሊን ዝቅ ይላል፣ የኢንሱሊን ተቃራኒ የሆነው ግሉካጎን ይነሣል፣ ጉበት ወደ ኬቶን ሥራ ይዞራል። በዚህ ላይ ጾም፣ የቀዶ ሕክምና ጭንቀትና የአድሬናሊን ግፊት ተጨመሩ። የደም ስኳሩ ግን አይጨምርም፣ ስለዚህ ማንም አይጠራጠርም። እ.ኤ.አ. በ2020 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ካናግሊፍሎዚን፣ ዳፓግሊፍሎዚንና ኢምፓግሊፍሎዚን ከታቀደ ቀዶ ሕክምና ቢያንስ 3 ቀን፣ ኤርቱግሊፍሎዚን ደግሞ 4 ቀን ቀድመው እንዲቆሙ በመግለጫቸው ላይ እንዲጻፍ ያደረገው በዚህ ምክንያት ነው። አስቸኳይ ቀዶ ሕክምና ግን 3 ቀን አይጠብቅም።

ሕክምናውና ሳይሰጥ የቀረው ባይካርቦኔት

ፒኤች 7.22 ሲታይ ባይካርቦኔት ይሰጥ የሚል ድምፅ ዳግም ተነሣ። አልተሰጠም። ኬቶን በኢንሱሊን ሲቃጠል ባይካርቦኔትን መልሶ ይሰጣል፤ የስኳር ሕመም መመሪያዎችም በኬቶአሲዶሲስ ባይካርቦኔትን የሚያነሡት ፒኤች ከ7.0 በታች ሲወርድ ነው። ፖታሲየሙም ኢንሱሊን ሲጀመር መውረዱ አይቀርም፤ ባይካርቦኔት ያባብሰዋል።

ኢንሱሊን በሰዓት 4 ዩኒት ተጀመረ። ስኳሩ እንዳይወድቅ 20 በመቶ ዴክስትሮስ በማዕከላዊ መስመር በሰዓት 50 ሚሊሊትር፣ ማለትም 10 ግራም ግሉኮስ፣ ጎን ለጎን ገባ። የተመረጠው ወፍራሙ ዴክስትሮስ ነው፤ ልባቸው ብዙ ፈሳሽ አይችልም። አዲሱ ትእዛዝ በጉልህ የተጻፈ ነበር፦ ስኳር ሲወርድ ዴክስትሮሱ ይጨመር፣ ኢንሱሊኑ አይቁም። ፖታሲየም 3.3 ድረስ ወርዶ ያለማቋረጥ ተተካ።

ትንፋሻቸው ሌላው አሳሳቢ ነገር ነበር። ባይካርቦኔት 11.5 ላይ ሳለ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት በቀመሩ ከ23 እስከ 27 መሆን ነበረበት፤ እሳቸው 29 ላይ ነበሩ። እንዲያ እየተነፈሱም አልደረሱበትም፤ ጡንቻቸው እየደከመ ነው። በዚያን ሰዓት ቱቦውን ማውጣት ወይም ማስታገሻውን ማብዛት ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ወደ 40 ቢመልሰው ፒኤቹ ወደ 7.1 በወረደ ነበር። ስለዚህ የማሽኑ ድጋፍ ከፍ ተደረገ፣ ማስታገሻው ተቀነሰ።

ከስድስት ሰዓት በኋላ ኬቶኑ 3.4 ሆነ። ከአሥራ አራት ሰዓት በኋላ 0.9፣ ፒኤች 7.37፣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ግፊት 36፣ ባይካርቦኔት 20። በማግስቱ ቱቦው ወጣ። ክሬያቲኒን እስከ 1.7 ወጥቶ ተመለሰ፤ ዳያሊሲስ አላስፈለገም።

ሁለቱ መድኃኒቶች ሲነጻጸሩ

ለአንዱ ያደላ መልስ የሚፈልግ ሰው እዚህ አያገኝም። ሁለቱም ፒኤችን ያነሣሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ፣ በጽኑ ሕሙማን ላይ የተደረገ ትንሽ ንጽጽርም የማርከስ አቅማቸው ተመሳሳይ እንደሆነ፣ የባይካርቦኔት ውጤት ግን እንደሚቆይ፣ ባይካርቦኔት ሶዲየምን ሲጨምር ፖታሲየምን እንደሚያወርድ አሳይቷል። የእኛም ወረቀቶች ያንኑ ነው የሚናገሩት። ምርጫውን የሚወስነው በአሲዱ ዙሪያ ያለው ሁኔታ ነው። ሶዲየም ከፍ ካለ ወይም ካርቦን ዳይኦክሳይድ መውጫ ካጣ ታም ይቀድማል። ፖታሲየም ከፍ ካለ ወይም ሽንት ከቆመ ባይካርቦኔት ይቀድማል። ታም ከዚህም በላይ በየመድኃኒት ክፍሉ አይገኝም፤ ክርክሩ ብዙ ጊዜ በመደርደሪያው ላይ ባለው ያበቃል።

ባይካርቦኔት ያለ ምክንያት የሚናቅ መድኃኒትም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 በፈረንሳይ 26 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች በ389 ታካሚዎች ላይ የተደረገው ጥናት፣ ፒኤች 7.20 እና ከዚያ በታች ለሆነባቸው፣ በአጠቃላይ ልዩነት አላሳየም፤ ኩላሊታቸው በመካከለኛና በከባድ ደረጃ ለተጎዳው ግን ጥቅም ታይቶበታል። እ.ኤ.አ. በ2025 በእነዚሁ የኩላሊት ተጎጂዎች ላይ የወጣው ተከታይ ጥናት ሞትን አልቀነሰም፣ ዳያሊሲስ የሚያስፈልጋቸውን ግን አሳንሷል። የእኛ ታካሚ የኩላሊት ጉዳት የመጀመሪያው ደረጃ ብቻ ስለነበር ከዚህ ክፍል አይመደቡም። አሲድ ሳይታይ ኩላሊትን ለመጠበቅ በሚል በልብ ቀዶ ሕክምና ላይ ባይካርቦኔት መስጠት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመና በ350 ታካሚዎች ላይ በተደረገ ጥናት ተሞክሮ የኩላሊት ጉዳቱ ከመቀነስ ይልቅ በዝቶ ታይቷል፤ ጥናቱም ቀድሞ እንዲቆም ሆኗል።

ለሌላ ታካሚ የሚተርፈው

ፒኤቹን ያየ ሰው መጀመሪያ ጋፑን በአልቡሚን አርሞ ያስላ፣ ከዚያ ላክቴቱን ይቀንስ። የቀረው ትርፍ ከ5 በላይ ከሆነ ስም ይፈለግለት፤ ከስሞቹ ሁሉ ቶሎ የሚለካው ኬቶን ነው፣ በጣት ደም ይታወቃል። ይህ ስሌት በሁለተኛው ወረቀት ላይም ተሠርቶ ነበር፣ ያኔ ላክቴቱ ጋፑን ሙሉ በሙሉ ይሸፍነው ነበር። አንድ ጊዜ ማስላት አይበቃም የሚባለው ለዚህ ነው፤ ላክቴቱ ሲወርድ ጋፑ አብሮ ካልወረደ ሌላ አሲድ ገብቷል።

ባይካርቦኔት ከመከፈቱ በፊት የመተንፈሻ ማሽኑ ይስተካከል፣ ካልሲየም ይዘጋጅ። እኛ ይህንን በተገላቢጦሽ ያደረግንበት ጊዜ የታየውን ወረቀቱ ይናገራል። ላክቴት ሲወጣ ደግሞ ከሆድ በፊት የአድሬናሊኑ መስመር ይታይ፤ ገላው ሙቅ፣ ሙሌቱ ከ70 በላይ፣ ሆዱ ለስላሳ ከሆነ መድኃኒቱን ለውጦ ጥቂት ሰዓት መጠበቅ ምርመራም ሕክምናም ነው። ይህ ግን ሰዓቱ አስቀድሞ ከተቆረጠ ብቻ ነው፤ ያለዚያ መጠበቁ ወደ ችላ ማለት ይዞራል።

ኢንሱሊንን በተመለከተ አሠራሩ ራሱ ተሻሽሏል። ኢምፓግሊፍሎዚን ወይም መሰሉን ባለፉት 3 ቀናት ውስጥ የወሰደ ታካሚ ስኳሩ ሲወርድ ኢንሱሊኑ አይቆምለትም፣ ዴክስትሮስ ይጨመርለታል። ለአስቸኳይ ቀዶ ሕክምና በሚሞላው ቅጽ ላይም መድኃኒቱ ለስኳርም ይሁን ለልብ ድካም ይታዘዝ፣ የመጨረሻው ክኒን የተዋጠበት ቀንና ሰዓት ይጻፋል፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም የደም ኬቶን በየ6 ሰዓቱ ይለካል። ታካሚው ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ኢምፓግሊፍሎዚኑ አልተመለሰላቸውም፤ በደንብ መብላት ጀምረው ኬቶናቸው በክትትል ቀጠሮ ላይ ንጹሕ ከሆነ በኋላ እንዲታይ ተቀጠረ።